ተራራ የሚሸነፈው በደርሶ መልስ ውጤት ነው

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 1 ቀን 2009 ዲዬጎ ማራዶና የሚያሰለጥናት አርጀንቲና ሜሲንና ቴቬዝን አሰልፋ ላፓዝ ላይ በቦሊቪያ 6ለ1 ስትረታ የእግር ኳስ አፍቃሪው ጉድ ብሎ ነበር። ኳሱ ያው ኳስ ነው፤ ሜዳውም ያው አራት ማዕዘን። ልዩነቱ የላፓዝ ስታዲየም ከባህር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቱ ነው። ፊፋም ይህን አይቶ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ ከልክሎ፣ ደቡብ አሜሪካውያኑ ሲንጫጩበት ጣሪያውን ወደ 3,000 ሜትር ከፍ አደረገና በ2008 ጭራሽ እገዳውን አነሳው። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ቡድን ከእረፍት በኋላ ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ያየ ደጋፊ ነገሩ ይገባዋል። የሰው ሜዳ የሰው ሜዳ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የባሰ የሰው ሜዳ አለ። ፓኪስታን ውስጥ በካራኮራም ሰንሰለት የሚገኘውና 8,611 ሜትር ከፍታ ያለው ኬቱ የተባለው ተራራ ገና ከሥሩ፣ ድንኳን የሚተከልበት ቤዝ ካምፑ ራሱ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የራስ ዳሽን ጫፍ ከዚያ ያንሳል። ማለትም ኢትዮጵያ ውስጥ ከሁሉ በላይ የወጣ ሰው ኬቱ ሲደርስ ገና መልበሻ ክፍል እንኳን አልገባም። ይህ ደግሞ በደህናው ወቅት ነው። እዚያ በብርድ ወራት መውጣት ሲታሰብ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቃሉን ማጥራት ይበጃል። የስፖርት አፍቃሪው “የክረምቱ የዝውውር መስኮት” ሲባል የሚመጣለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። የተራራ ወጪዎቹ የብርድ ወራት ግን በተቃራኒው ከዲሴምበር 21 እስከ ማርች 20 ያለው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ በገና ፀሐይ ሲሞቅባት ካራኮራም ላይ ውሃ ቀርቶ እስትንፋስ ጢም ላይ ይረጋል።

ለመሆኑ የማያውቁት ተራራ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ለመውጣት የሚያቅድ ሰው ምኑን ነው የሚያቅደው? ብዙው ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል፤ መውጫውን ነዋ! የዚህ ስፖርት የአርባ ዓመት ታሪክ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ጥሩ ዕቅድ የሚባለው መውረጃውን አስቀድሞ ያቀደ ነው። ተራራ መውጣት የደርሶ መልስ ጨዋታ ነው። ጫፉ ላይ መድረስ የመጀመሪያው ጨዋታ ውጤት ብቻ ነው። አላፊው የሚለየው በመልሱ ጨዋታ ነው፤ የመልሱ ጨዋታ ደግሞ ቁልቁል ነው።

የሻምፒዮኖቹ 23 ዓመት

የብርድ ወራት ተራራ መውጣት አባቶች ፖላንዳውያን ናቸው። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1980 አንድሬ ዛቫዳ የመራው ቡድን አባላት ክሪዝቶፍ ቪየሊትስኪና ሌሼክ ቺሂ በብርድ ወራት ኤቨረስት ላይ በመቆም የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሆኑ። ቀኑ ራሱ የሚገርም ነው። የኔፓል መንግሥት የሰጣቸው ፈቃድ የሚያበቃው በ15ኛው ቀን ነበር። ሁለት ቀን ተጨመረላቸው፤ በመጨረሻው ቀን ጨረሱ። በባከነ ሰዓት እንደተቆጠረ ጎል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያቆማቸው አልነበረም። ማናስሉ በ1984፣ ዳውላጊሪና ቾ ኦዩ በ1985፣ ካንቼንጁንጋ በ1986፣ አናፑርና በ1987፣ ሎትሴ በ1988። በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑት ተራሮች 14 ናቸው። ከእነዚህ ሰባቱን በስምንት ዓመት ውስጥ በብርድ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጧቸው ፖላንዳውያን ናቸው። ሰባቱም በኔፓል ሂማላያ ያሉ ናቸው።

ታዲያ እነዚሁ ሻምፒዮኖች እ.ኤ.አ በ1987-88 በዛቫዳ መሪነት ወደ ኬቱ ሄዱ። ኬቱ አልቀመስ አለ። በካራኮራም ሰንሰለት ከ8,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ በብርድ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው ከሎትሴ 23 ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2011 ነው። ተራራው ጋሸርብሩም ሁለት ነበር። የወጡት ጣሊያናዊው ሲሞኔ ሞሮ፣ ካዛክስታናዊው ዴኒስ ኡሩብኮና አሜሪካዊው ኮሪ ሪቻርድስ ናቸው። 23 ዓመት! በአገሩ ሊግ ዋንጫ በዋንጫ የሆነ ክለብ አህጉራዊ ውድድር ላይ ወጥቶ አንድ ትውልድ ሙሉ ከምድቡ ማለፍ ሲያቅተው ማለት ነው።

ምን ተፈጠረ? ፖላንዳውያኑ አቅማቸው ስለወረደ ነው እንዳይባል፣ ያው ሰዎች ነበሩ። ሜዳው ነው የተቀየረው። ካራኮራም ከኤቨረስት ወደ ሰሜን ስምንት ዲግሪ ገደማ ይርቃል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሰማይ ላይ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ በእነዚያ ወራት ጫፎቹን ይገርፋል። የአየር ግፊቱ በብርድ ወራት ስለሚወርድ ያው 8,000 ሜትር ለሳንባ ከ8,000 በላይ ይሆናል። በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ብርሃን አስር ሰዓት አይሞላም። ወደ ኤቨረስት የሚሄድ ሰው በመንገዱ መንደርና ማረፊያ ቤት አያጣም። ወደ ኬቱ የሚሄድ ግን ከስካርዱ ከተማ ተነስቶ አስኮሌ የምትባለውን የመጨረሻ መንደር ካለፈ በኋላ በባልቶሮ የበረዶ ግግር ላይ አንድ ሳምንት ገደማ በእግሩ ይጓዛል። ምግቡ፣ ነዳጁ፣ ድንኳኑ ሁሉ በሰው ጀርባ ነው። የተሸካሚዎቹም ቀለብና ነዳጅ አብሮ መታሰብ አለበት።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰንሰለት ላይ የተገኘ ልምድ ሌላው ሰንሰለት ላይ እንዳለ አይሰራም። “እኔ ኤቨረስትን ወጥቻለሁ” ብሎ ካራኮራም የሚሄድ ሰው “እኔ በሜዳዬ አልሸነፍም” ብሎ ላፓዝ እንደሚሄድ ቡድን ነው።

ባላንጣ ሲተባበር

የማያውቁትን ሜዳ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አስቀድሞ ሄዶ ማየት ነው። ሁለተኛው ከሚያውቀው ጋር መጫወት ነው። በካራኮራምና በአካባቢው የተሳካላቸው ሁለቱንም አድርገዋል።

ናንጋ ፓርባትን እንይ። ይህ 8,126 ሜትር ከፍታ ያለው የፓኪስታን ተራራ ለብዙ ዓመታት በብርድ ወራት የመጣውን ሁሉ ሲመልስ ኖሯል። ሞሮ ከዚህ ቀደም ሞክሮ ተመልሷል። ስፔናዊው አሌክስ ቺኮንና ፓኪስታናዊው ሙሐመድ ዓሊ ሳድፓራም በ2015 ጫፉ አጠገብ ደርሰው መንገድ ስቶባቸው ወርደዋል። በ2016 ሞሮና ጣሊያናዊቷ ታማራ ሉንገር በአንድ ወገን፣ ቺኮንና ሳድፓራ በሌላ ወገን ሆነው እዚያው ተገናኙ። ሁለቱም ወገን የሚፈልገው አንድ ዋንጫ ነው። ዓሊ ሳድፓራ ደግሞ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ስሙን ያገኘው ስካርዱ አጠገብ ካለችው መንደሩ ነው። ተራራውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከመፎካከር ይልቅ ቡድናቸውን አንድ አደረጉ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2016 ሞሮ፣ ቺኮንና ሳድፓራ ጫፉ ላይ ቆሙ።

የኬቱም ታሪክ ከዚህ አይለይም። በ2020-21 የብርድ ወራት ቤዝ ካምፑ በተለያዩ አገር ቡድኖች ተሞልቶ ነበር። ኒርማል ፑርጃ የራሱን ቡድን ይዞ መጥቷል። ሚንግማ ጊያልጄ ሸርፓ የራሱን ይዟል። ሶና ሸርፓ ከሦስተኛ ቡድን ነው። ሁሉም ኔፓላውያን ናቸው፤ ካራኮራም አገራቸው አይደለም። ግን በጭፍን አልመጡም። ፑርጃ በ2019 ኬቱን በሞቃቱ ወራት ወጥቶታል። ሚንግማ ጊያልጄም እንዲሁ ቀድሞ ያውቀዋል፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ በብርድ ወራትም ሞክሮ ሳይሳካለት ተመልሷል። ያ ሙከራ ሽንፈት አልነበረም፤ የተጋጣሚን ጨዋታ ቁጭ ብሎ እንደማየት ነው።

በጃንዋሪ ወር ንፋሱ ሁለተኛው ካምፕ ላይ የነበረውን የፑርጃን ቡድን ድንኳንና ዕቃ ጠራርጎ ወሰደው። የመኝታ ከረጢት፣ ጓንት፣ መጫሚያ ሁሉ ሄደ። ዕቅዱ እንደ አዲስ ተሰራ። ቡድኖቹ ገመድ የመዘርጋቱን ሥራ ተካፈሉ። ጃንዋሪ 16 ቀን 2021 አስሩ ሰዎች ጫፉ ሊደርሱ አስር ሜትር ያህል ሲቀራቸው ቆመው ተጠባበቁ፤ ከዚያም ብሔራዊ መዝሙራቸውን እየዘመሩ እኩል ረገጡት። አንደኛና ሁለተኛ የሚባል የለም። ለአስርት ዓመታት በምዕራባውያን ጉዞ ሻንጣ ተሸካሚና ገመድ ዘርጊ ሆነው የኖሩት የኔፓል ልጆች የመጨረሻውን ዋንጫ ለራሳቸው አደረጉት።

ያው ሰዓት፣ ሌላ ውጤት

አሁን ነገሩ የሚከብድበት ቦታ ላይ ተደረሰ። ኔፓላውያኑ ኬቱ ጫፍ ላይ የደረሱት በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር አነጋገር ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማለት ነው። ይህ ሰዓት ለተራራ ወጪ ክፉ ሰዓት ነው። ለምን? ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ማየት ይበቃል።

እ.ኤ.አ ማርች 5 ቀን 2013 አራት ፖላንዳውያን ኬቱ አጠገብ ያለውን ብሮድ ፒክ በብርድ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። አዳም ቢየሌትስኪ፣ አርቱር ማዌክ፣ ማቼይ ቤርቤካና ቶማሽ ኮቫልስኪ ናቸው። ቤርቤካ የ58 ዓመት ሰው ነው። በ1988 እዚሁ ተራራ ላይ ከዋናው ጫፍ በፊት ያለውን ጫፍ ረግጦ ተመልሶ ነበር፤ 25 ዓመት ያልተከፈለ ዕዳ አለበት። ኮቫልስኪ ገና 27 ዓመቱ ነው። አራቱ በየተራ፣ ተራርቀው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ እስከ 12 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ጫፉ ላይ ደረሱ። ድሉ ተበሰረ። ከዚያ መሸ። ቢየሌትስኪና ማዌክ ወረዱ። ቤርቤካና ኮቫልስኪ ግን አልተመለሱም።

ጉዳዩን የመረመረው የፖላንድ ተራራ ወጪዎች ማህበር አጣሪ ቡድን ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱ የቡድኑ መበታተን ነበር። ማን ጥፋተኛ ነው በሚለው ላይ ፖላንድ ውስጥ ብዙ ተብሏል፤ በሕይወት የተረፉት ላይ ጣት መቀሰር ግን ቀላሉ ነገር ነው። 8,000 ሜትር ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ የሰው አእምሮ በትክክል አያስብም። ለዚህም ነው ውሳኔው ታች፣ ሻይ እየተጠጣ፣ አስቀድሞ መወሰን ያለበት። በስንት ሰዓት ነው የሚመለሱት? አንዱ ቢደክም ማን አብሮት ይቀራል? ጨለማው ሲመጣ ከኋላ ምን አለ?

ኬቱ ላይ የነበረው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ሰዓቱ ያው ነው። የኔፓላውያኑ መዘግየት አደገኛ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በመውረጃቸው ላይ ገመድ ተዘርግቷል፣ አስሩም አንድ ላይ ናቸው፣ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ወጥቻለሁ ካለው ከፑርጃ በቀር ዘጠኙ ኦክስጅን ይዘዋል። የመልሱን ጨዋታ አስቀድመው ተጫውተውታል ማለት ይቻላል። አስሩም በሰላም ወረዱ።

“በኦክስጅን የተወጣ ምን ተወጣ ይባላል?” የሚሉ አሉ። ክርክሩ ለስፖርቱ ንጽህና ይጠቅም ይሆናል። ግን የሟች ቤተሰብ ፊት አይቆምም። ጠርሙሱ አቋራጭ ከሆነ፣ ወደ ቤት የሚያደርስ አቋራጭ ነው።

70 ሜትር

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ግን ያልገባው ጎል ነው። ናንጋ ፓርባት ላይ በ2016 ሦስቱ ወንዶች ጫፉን ሲረግጡ አራተኛዋ ታማራ ሉንገር የት ነበረች? 70 ሜትር ገደማ ታች። ሌሊቱን ሆዷ ሲታወክ፣ ሲያስመልሳት ነው የወጣችው። ከዚያች ነጥብ ጫፉ ይታያል። ያን ጊዜ ናንጋ ፓርባትን በብርድ ወራት የወጣች ሴት አልነበረችም፤ ታሪክ እዚያው ቆሞ ይጠራታል። እሷ ግን ወደ ላይ መውጣቱን ብችል እንኳን በራሴ ጉልበት አልወርድም፣ ለጓደኞቼም ሸክም እሆናለሁ ብላ አሰበች። ዞረች።

70 ሜትር ማለት ከአንዱ ጎል መረብ ተነስቶ የሌላው የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ሳይደረስ ያለ ርቀት ነው። በዕለቱ የዓለም ዜና የሦስቱን ስም አስጮኸ። የሉንገር ስም ከታች በትንሹ ተጻፈ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በዚያ ቀን ከባዱን ጨዋታ የተጫወተችው እሷ ናት። በሰው ሜዳ አቻ መውጣት ነጥብ እንደሆነ ማንም ደጋፊ ያውቃል። አሰልጣኙ በ80ኛው ደቂቃ አጥቂውን አስወጥቶ ተከላካይ ሲያስገባ “ፈሪ!” የሚለው ተመልካች፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ የደረጃ ሰንጠረዡን ሲያይ ዝም ይላል።

አምስት ዓመት ቆይቶ ሉንገር ኬቱ ላይ ነበረች። የኔፓላውያኑ ደስታ ሳይበርድ፣ በፌብሩዋሪ 2021 መጀመሪያ ላይ ሌሎች ቡድኖች ወደ ሦስተኛው ካምፕ ወጡ። ድንኳን አነሰ። በጥቂት ሰው ልክ በተሰራ ድንኳን ብዙ ሰው ተጣቦ አደረ። ያልተኛ፣ ያልበላ፣ ውሃ በቅጡ ያልጠጣ ሰው ጫፍ መሞከር ማለት ሳያሟሙቁ ፍጻሜ መጫወት ነው። ሉንገር አሁንም ዞረች። አብሯት ይወጣ የነበረው ቺሊያዊው ሁዋን ፓብሎ ሞር ቀጠለ። አይስላንዳዊው ዮን ስኖሪና ዓሊ ሳድፓራም ቀጠሉ። የዓሊ ልጅ ሳጂድ ከ8,000 ሜትር በላይ “ቦትልኔክ” የተባለው ጠባብ ቦታ ላይ የኦክስጅን መሳሪያው አልሰራ አለውና ወረደ። አባቱንና ሁለቱን ጓደኞቹን ድንኳን ውስጥ ሆኖ ጠበቀ። አልመጡም። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2021 ነበር። አስከሬናቸው የተገኘው በጁላይ ነው።

በዚያ የብርድ ወራት ኬቱ ላይ አምስት ሰው ሞተ። ስፔናዊው ሰርጂ ሚንጎቴ የሞተው ኔፓላውያኑ ታሪክ በሰሩበት በዚያው ቀን፣ ሲወርድ ነው። ቡልጋሪያዊው አታናስ ስካቶቭም እየወረደ ሳለ ነው የወደቀው። ዓሊ ሳድፓራ ያን ሰንሰለት ያውቀዋል፤ የአካባቢው ጀግና ነው። እሱም ቢሆን አልተረፈም። ሜዳን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የመዞሪያው ሰዓትና ቦታ አስቀድሞ ካልተቆረጠ የሚያውቀውም የማያውቀውም እኩል ነው።

የውጤት ሰሌዳው ይቀየር

“ሳይደፍሩ ድል የለም፤ እነ ዛቫዳ ቢፈሩ ኖሮ ኤቨረስት ይወጣ ነበር ወይ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ዛቫዳ ሰዎቹን የላከው ዕቅድ ይዞ ነው፤ ቪየሊትስኪና ቺሂም ወርደው ታሪኩን ራሳቸው ተናግረውታል። ሞሮና ኡሩብኮ ጋሸርብሩም ሁለት ላይ ሲወጡ ኢንስብሩክ ተቀምጦ አየሩን የሚያነብላቸው ካርል ጋብል የተባለ የአየር ጠባይ ባለሙያ ነበራቸው። ሲወርዱ የበረዶ ናዳ መታቸው፤ ሦስቱም ግን ተረፉ። ድፍረት የሚባለው ይህ ነው። ያለ ዕቅድ መውጣት ድፍረት ሳይሆን ሎተሪ ነው።

ዕቅዱ ውስጥ የማይወራው የገንዘብ ጉዳይም አለ። በጃንዋሪ 2018 ፈረንሳዊቷ ኤሊዛቤት ሬቮልና ፖላንዳዊው ቶማሽ ማትስኬቪች ናንጋ ፓርባትን ወጥተው ሲወርዱ ሲቸገሩ፣ ለሄሊኮፕተሩ የገንዘብ ዋስትና እስኪገኝ ውድ ሰዓታት አልፈዋል። ኬቱ ላይ የነበሩት ቢየሌትስኪና ኡሩብኮ የራሳቸውን ጉዞ ትተው፣ በሄሊኮፕተር መጥተው፣ በጨለማ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥተው ሬቮልን አተረፏት። ማትስኬቪች ግን እዚያው ቀረ። ብሮድ ፒክ ላይ ሁለት ጓደኞቹን ያጣው ቢየሌትስኪ ይህን ማድረጉን ያስተዋለ ሰው፣ የዚህ ስፖርት ትልቁ ዋንጫ ጫፍ ላይ እንዳልተቀመጠ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ተመልካቹም ከነገሩ ንጹህ አይደለም። ስፖንሰሩ የሚከፍለው ለጫፍ ነው። ጋዜጣው የሚያትመው ጫፍ ላይ የተውለበለበ ባንዲራ ነው። ስታቲስቲክሱ የሚቆጥረው የወጣ ብቻ ነው። 70 ሜትር ሲቀረው የዞረ ሰው በሰንጠረዡ ላይ ዜሮ ነው። እንዲህ ዓይነት የውጤት ሰሌዳ ያለው ስፖርት ሰዎቹን ወደ ላይ ይገፋል እንጂ ወደ ታች አይጠራም። እግር ኳስ ቢያንስ ለአቻ አንድ ነጥብ ይሰጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጃንዋሪ አንድ ቡድን ወደማያውቀው ሰንሰለት ሊሄድ ነው የሚል ዜና ሲመጣ አፍቃሪው የሚጠይቀው ጥያቄ “ማን ይወጣል?” መሆን የለበትም። በስንት ሰዓት ነው የሚዞሩት? ያን ተራራ በሞቃቱ ወራት ማን አይቶታል? የአካባቢው ሰው አብሯቸው አለ? ገመዱ እስከ የት ይዘረጋል? ዳኛው ፊሽካ የሚነፋው የመጨረሻው ሰው ቤዝ ካምፕ ሲገባ ነው። እስከዚያ ድረስ የትኛውም ጫፍ የመጀመሪያው ጨዋታ ውጤት ነው።